ለሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ ስለ መምረጥ፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከፒያሳም ሆነ ከማራኪና ከአዘዞ የወላጆቻቸውን ሸክላ ማጫወቻ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቤቴ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬአለሁ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «የትኛው ካርትሪጅ ምርጥ ነው?» ከሚለው ነው። እኔ ግን መልሱ ከዋጋ ዝርዝር ሳይሆን በእጅ ካለው ሸክላና ካርትሪጁን ከሚሸከመው ክንድ መነሣት እንዳለበት አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ እምነት የመጣ ነው።

ካርትሪጅ የሚባለው የትኛው ክፍል ነው? ከመርፌውስ በምን ይለያል?

በተለምዶ «መርፌ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሁለት ክፍል አለው። መርፌው ጫፉ ላይ ኢምንት አልማዝ የተተከለበት ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ ካርትሪጁ ደግሞ ይህን ዘንግ ይዞ በክንዱ ራስ ላይ የሚታሰረው የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ሳጥን ነው። አልማዙ በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲጓዝ በቦዩ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ወጣ ገባ ተከትሎ ይንቀጠቀጣል፤ ካርትሪጁም ያን ንቅጥቃጤ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል። ልዩነቱን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ብዙ ሰው «ካርትሪጄ ሞቷል» ብሎ ሲመጣ፣ ሳጥኑ ደኅና ሆኖ ያለቀው መርፌው ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ በአብዛኞቹ ካርትሪጆች ላይ ደግሞ መርፌው በእጅ ተስቦ የሚወጣና በአዲስ የሚተካ ነው።

ሙቪንግ ማግኔት ይሻለኛል ወይስ ሙቪንግ ኮይል?

ሁለቱም የሚሠሩት ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ በመፈጠሩ ነው። በሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ ማግኔቱ ከመርፌው ዘንግ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ጥቅሎቹ ግን ከሳጥኑ ጋር ተጣብቀው ይቆማሉ። በሙቪንግ ኮይል ነገሩ ይገለበጣል፤ ማግኔቱ ይቆማል፣ ጥቅሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ጥቅሎቹ ከዘንጉ ጋር እንዲንቀሳቀሱ እጅግ ቀላል መሆን ስላለባቸው ሽቦአቸው ጥቂት ዙር ብቻ ይኖረዋል፤ ስለዚህም የሚሰጡት ኤሌክትሪክ ደካማ ነው። ሙቪንግ ማግኔት በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ሲሰጥ፣ መደበኛው ሙቪንግ ኮይል ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ቮልት ብቻ ይሰጣል። ይህን ደካማ ምልክት ያለ ጭርጭርታ የሚያጎላ ልዩ ፕሪአምፕ (ምልክቱ ወደ አምፕሊፋየሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማጉያ) ያስፈልጋል፣ እርሱም በራሱ ውድ ነው።

ለጎንደር አድማጭ ግን የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። በሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ላይ መርፌው ከጥቅሎቹ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ባለቤቱ በእጁ አውጥቶ ሊቀይረው አይችልም። ሲያልቅ ሙሉውን ካርትሪጅ ወደ አምራቹ ወይም ውጭ አገር ወዳለ ባለሙያ መላክ ይኖርበታል፤ ከጎንደር ተነሥቶ ይህን ማድረግ ወራት የሚፈጅ፣ በጉምሩክም የሚመላለስ ጣጣ ነው። የሙቪንግ ማግኔት መርፌ በአንጻሩ ከክብሪት ቀፎ ባነሰ ማሸጊያ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምመክረው ሙቪንግ ማግኔትን ነው። ሙቪንግ ኮይል የተሻለ ዝርዝር ሊያሰማ እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን መርፌው ባለቀ ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጥ መሣሪያ ለማንም አይጠቅምም።

ያሉኝ ሸክላዎች በአብዛኛው የአባቴ የ45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። ምን ዓይነት መርፌ ይስማማቸዋል?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ ሰፊ መልስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በየቤቱ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠው የአገራችን ሙዚቃ በአብዛኛው በዚሁ መጠን የታተመ ነው። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምርም፣ ከእርሱ በኋላ ካይፋ ሪከርድስና ሌሎቹ ሲከተሉም፣ ዘፈኖቹ ውጭ አገር ተጭነው የሚመጡት በዋነኛነት በሁለት ገጽ ሁለት ዘፈን በሚይዘው ትንሽ ሸክላ ላይ ነበር። ካሴት መጥቶ እስኪተካቸው ድረስ እነዚህ ሸክላዎች በሠርግ ቤት፣ በቡና ቤትና በየሳሎኑ ሳያርፉ ዞረዋል። ስለዚህ እጅዎ ላይ ያለው ሸክላ አዲስ ሳይሆን ብዙ ያገለገለ መሆኑን አስቀድመው ይቀበሉ።

የመርፌው አልማዝ በተለያየ ቅርጽ ይሞረዳል። ቀላሉና ጥንታዊው ኮኒካል የሚባለው ክብ ጫፍ ያለው ነው፤ የጫፉ ራዲየስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ማይክሮን ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ኤሊፕቲካል፣ ሞላላ ጫፍ ያለውና ከቦዩ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጎኑ ይበልጥ የቀጠነ ነው። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ማይክሮላይንና ሺባታ የተባሉ፣ የቦዩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር የሚነኩ ቅርጾች አሉ። ቅርጹ በቀጠነ ቁጥር አልማዙ ጥቃቅኑንና ከፍተኛውን ድምፅ በተሻለ ያነባል፤ በዚያው ልክ ግን ለአቀማመጥ ስሕተትና ለሸክላው ጉዳት ትዕግሥት ያንሰዋል።

የ45 ዙር ሸክላ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ሸክላው በደቂቃ 45 ጊዜ ስለሚዞር፣ ወደ መሃል ተጠግቶ በሚጨርስበት ቦታ እንኳ በመርፌው ሥር በሴኮንድ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቦይ ያልፋል፤ ትልቁ የ33 ዙር ሸክላ በሚጨርስበት ቦታ ግን 21 ያህል ብቻ ነው። ድምፁ በረዘመ ቦይ ላይ ስለተዘረጋ ወጣ ገባው ተራርቋል፣ ክብ ጫፍ ያለው መርፌም ሳይቸገር ይከተለዋል። ስለዚህ ኮኒካል መርፌ ለ45 ዙር ሸክላ የድኻ ምርጫ አይደለም። ዴኖን ዲኤል-103 የተባለውና ጃፓን ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለማሰራጫ ጣቢያ አገልግሎት የተሠራው ዝነኛ ካርትሪጅ ዛሬም ድረስ የሚመረተው በኮኒካል መርፌ ነው።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ እላለሁ፦ ሸክላዎ በአብዛኛው አሮጌና የተጫረ ከሆነ በኮኒካል ወይም በተራ ኤሊፕቲካል ይጀምሩ። በቅርብ ዓመታት በአውሮፓ እንደገና የታተሙ ንጹሕ ትልልቅ ሸክላዎች ካሉዎት ደግሞ የተሻለ መርፌ ኋላ ላይ ይጨምራሉ። ለዚህ የሚመቸው አንድ ሳጥን ብዙ መርፌ የሚቀበልበት ቤተሰብ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ቪኤም95 ከኮኒካል እስከ ማይክሮላይንና ሺባታ ያሉትን መርፌዎች በአንድ ዓይነት ሳጥን ላይ ያፈራርቃል፤ በኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ሳጥን ላይም የተሻለው የ2ኤም ብሉ መርፌ ይገባል። አንድ ጊዜ የገጠሙትን ሳይነኩ መርፌውን ብቻ እያሻሻሉ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

አዲሱ መርፌ ደኅና መሆኑን የምፈትነው በማሲንቆ ነው። የፈረስ ጭራው ገመዱን ሲነካ የሚሰማው ሻካራ ትንፋሽ፣ ከዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ድምፅ ጋር፣ መርፌው ሲያልቅ ወይም በትክክል ሳይቀመጥ ሲቀር ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላሸው ነገር ነው። «ሰ» እንደ ምራቅ ከተተፋች አንድ ነገር ተሳስቷል።

ሸክላው ሞኖ ከሆነ ልዩ ካርትሪጅ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግዎትም፣ ነገር ግን አምፕሊፋየርዎ ላይ «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተቀረጸው መርፌው ወደ ግራና ቀኝ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነበው ሁሉ አቧራና ጭረት ነው። የሞኖ ቁልፍ ሁለቱን ወገን ሲደምር ያ የላይና የታች ጫጫታ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ልዩነቱ በአሮጌ ሸክላ ላይ የሚያስገርም ነው።

ቤታችን ያለው ትልቁ የእንጨት ራዲዮግራም ነው። ዘመናዊ ካርትሪጅ ልገጥምበት እችላለሁ?

በአብዛኛው አይቻልም፣ እውነቱን ቀድሞ መናገር ይሻላል። በድሮው ራዲዮግራም ላይ ያለው ካርትሪጅ ክሪስታል ወይም ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ በማግኔት ሳይሆን ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ቁስ ይሠራል። የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከሙቪንግ ማግኔት እጅግ ስለሚበልጥ አምፕሊፋየሩም የተሠራው ለዚያ ነው። ሙቪንግ ማግኔት ቢገጥሙበት ከስፒከሩ የሚወጣው የትንኝ ድምፅ ይሆናል። ከዚህም በላይ ክንዱ ራሱ ከባድ ነው፤ ለ5 ግራምና ከዚያም በላይ ለሆነ ጫና (መርፌው በሸክላው ላይ ለሚያሳርፈው ክብደት) የተሠራ ክንድ ለስላሳውን ዘመናዊ መርፌ ይሰብረዋል።

የክሪስታሉ ካርትሪጅ ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ክሪስታል ከጨው ዘር ስለሆነ የክረምት እርጥበት ዓመት ከዓመት ያሟሟዋል፤ ዳግም አይድንም። በዚህ ጊዜ በሴራሚክ መተካት ይቻላል። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት አዳዲስ ርካሽ ማጫወቻዎችም በአብዛኛው ይህንኑ የሴራሚክ ካርትሪጅ የያዙ ናቸውና መርፌአቸውን ቶሎ ቶሎ ከመለወጥ በቀር ብዙ የሚሻሻል ነገር የላቸውም። ራዲዮግራሙን ለክብሩ ያቆዩት፤ የሚወዱትን ሸክላ ግን ጫናው በሚስተካከል ማጫወቻ ላይ ያጫውቱ።

ካርትሪጁ ከክንዱ ጋር መስማማቱን እንዴት አውቃለሁ?

በመጀመሪያ አገጣጠሙን ይመልከቱ። በክንዱ ራስ ላይ በ12.7 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ መደበኛውን ካርትሪጅ ይቀበላል። ቀዳዳ ሳይኖር ካርትሪጁ እንደ ሶኬት ቀጥ ብሎ የሚሰካ ከሆነ ግን ፒ-ማውንት ይባላል፤ ለእርሱ የተሠራ ካርትሪጅ ብቻ ነው የሚገባው።

ቀጥሎ የክብደትና የልስላሴ ጉዳይ ይመጣል። መርፌውን የያዘው ጎማ እንደ መኪና ባሌስትራ ነው፣ ክንዱና ካርትሪጁ ደግሞ በባሌስትራው ላይ የተጫነ ጭነት ናቸው። ማንኛውም ባሌስትራ በጭነቱ ልክ በራሱ ፍጥነት ይዋዥቃል፤ ያ ውዝዋዜ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማለትም ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ባለው ክልል ቢወድቅ ይመረጣል። ከዚያ በታች ከሆነ የተጣመመ ሸክላ ክንዱን ያስዘልለዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሙዚቃው የታችኛው ድምፅ ይጠጋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ የክንዱን ውጤታዊ ክብደት (ክንዱ ሲንቀሳቀስ በመርፌው በኩል የሚሰማውን ክብደት)፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ይደምሩ፤ ድምሩን ኮምፕሊያንስ በሚባለው የልስላሴ ቁጥር ያባዙ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስደው 159ን ለእርሱ ያካፍሉ።

ለምሳሌ 12 ግራም ውጤታዊ ክብደት ባለው ክንድ ላይ 7.2 ግራም የሚመዝነውን ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ በ0.8 ግራም ብሎን ብናስር ድምሩ 20 ግራም ይሆናል። የካርትሪጁ ኮምፕሊያንስ 20 ስለሆነ ብዜቱ 400፣ ስኩዌር ሩቱ 20፣ ውጤቱም 8 ሄርዝ ገደማ ነው፤ በድንበሩ ላይ ቢሆንም ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጃፓን አምራቾች ኮምፕሊያንስን የሚለኩት በ100 ሄርዝ ሲሆን አውሮፓውያን በ10 ሄርዝ ነው፤ ስለዚህ የጃፓኑን ቁጥር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ አድርገው ካላሰቡት ስሌቱ ያሳስትዎታል። ሸክላቸው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በበጋ ሙቀት የተጣመመባቸው ሰዎች ይህን ስሌት እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ።

ፎኖ ፕሪአምፕ የግድ ነው?

ለሙቪንግ ማግኔትም ሆነ ለሙቪንግ ኮይል የግድ ነው። ምክንያቱ ድምፁን ማጉላት ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ደግሞ ይጨመራል፤ ወፍራሙ እንደነበረ ቢቀረጽ ቦዩ ሰፍቶ ሸክላው ብዙ ደቂቃ አይይዝም ነበር። ይህ አሠራር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባለው መለኪያ አንድ ወጥ ሆኗል። ፕሪአምፑ የተቀነሰውን ይመልሳል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል። አምፕሊፋየርዎ ከጀርባው «ፎኖ» የሚል መግቢያ ካለው ፕሪአምፑ በውስጡ አለ ማለት ነው፤ አንዳንድ ማጫወቻዎችም በራሳቸው ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ግን ድምፁን ያበላሸዋልና አንዱን ይዝጉ።

ሙቪንግ ማግኔት የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ጭነት (የመግቢያው ተቃውሞ) 47 ኪሎ ኦም ነው፣ ይህም ለሙቪንግ ማግኔት በተሠራ ፎኖ መግቢያ ሁሉ ላይ አለ። የመሬት ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ማሰር አይርሱ፤ «ካርትሪጁ ይጮኻል» ከሚሉኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይህች ያልታሰረች ሽቦ ናት።

ጫናው ስንት ግራም ይሁን? ከቀለለ ሸክላዬን አያድንልኝም?

አያድንም። ይህ በሰፊው የተሰራጨ የተሳሳተ እምነት ነው። ጫናው ሲያንስ መርፌው በጠንካራ ድምፅ ቦታ ከግድግዳው ይለያል፣ ተመልሶም ሲወድቅ ቦዩን ይቀጠቅጣል፤ የተቀጠቀጠው ደግሞ አይጠገንም። ስለዚህ አምራቹ ከሰጠው ክልል መሃሉን ወይም ከመሃል ትንሽ ከፍ ያለውን ይምረጡ። ለቪኤም95ኢ (ኤሊፕቲካል መርፌ ላለው ቪኤም95) ክልሉ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው፣ እኔ 2 ግራም ላይ አደርገዋለሁ፤ ለ2ኤም ሬድ ደግሞ 1.8 ግራም ነው።

የተቃራኒው ስሕተት ይብሳል። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ያመጡልኝ ማጫወቻ በክንዱ ራስ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ሁለት ፍራንክ በፕላስተር ተጣብቆበት ነበር፤ ሸክላው ስለሚዘልል ጎረቤት የመከራቸው መላ ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ከ8 ግራም በላይ አነበበ። ፕላስተሩን ስልጥ የመርፌው ዘንግ ወደ ሳጥኑ ሆድ ገብቶ፣ ሳጥኑ ራሱ ሸክላውን እየቧጨረ እንደነበር አየሁ፤ ከቦዩ የተፋቀው ጥቁር ዱቄት በአልማዙ ዙሪያ እንደ ጥላሸት ተከምሯል። ሸክላው ይዘልል የነበረው ግን ጫና አንሶት ሳይሆን የክንዱ መዞሪያ በደረቀ ቅባት ስለተያዘ ነበር። ሸክላ ሲዘልል በመጀመሪያ ሸክላውን ያጽዱ፣ ቀጥሎ ክንዱ በነፃነት መንቀሳቀሱን ይፈትሹ፣ ሳንቲም ግን በፍጹም አይጫኑ።

ለመመዘን የወርቅ ሠሪ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች፣ ከግራም መቶኛውን የምታነብ ከሆነች። ነገር ግን ሳህኗ ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ይስባትና የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች፤ እንዲሁም መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ከሸክላው ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት።

የ78 ዙር ሸክላዎች አሉን። በዚሁ ካርትሪጅ ይሰማሉ?

በዚሁ መርፌ አይሰሙም። የ78 ዙር ሸክላ ቦይ ከኋለኞቹ በጣም የሰፋ ስለሆነ ወደ 75 ማይክሮን የሚጠጋ ራዲየስ ያለው መርፌ ይፈልጋል፤ ተራው መርፌ ከቦዩ ወለል ላይ እየተንከባለለ ጭርጭርታ ብቻ ያነባል፣ ራሱም ይጎዳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ያስቀረጹት ድምፅ በዚህ ዓይነት ሸክላ ላይ ነውና፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነገር በቤትዎ ካለ በግምት እንዳይሞክሩት። ከላይ ያነሣሁት የቪኤም95 ቤተሰብ ለ78 ዙር የተለየ መርፌ አለው። ሸክላው የሚሰበር፣ ከባድና እንደ ሴራሚክ የሚጮኽ ከሆነ እርሱ ነው።

መርፌው መቼ ይለወጣል? ያገለገለ ካርትሪጅ ከገበያ ብገዛስ?

ኦዲዮ-ቴክኒካ ለራሱ መርፌዎች ያወጣው መመሪያ ለኮኒካል 500 ሰዓት፣ ለኤሊፕቲካል 300፣ ለሺባታ 800፣ ለማይክሮላይን 1000 ይላል። 500 ሰዓት ማለት 40 ደቂቃ የሚረዝም ትልቅ ሸክላን 750 ጊዜ ማጫወት ነው። በየምሽቱ አንድ ሸክላ የሚያደምጥ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ያገለግለዋል። በእኛ ከተማ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው አቧራ ይህን ዕድሜ ያሳጥረዋል፤ አቧራው ከአልማዙ ጋር ሲገናኝ እንደ ሞረድ ይሠራል። ሸክላውን ከማጫወትዎ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ መርፌውንም ከኋላ ወደ ፊት ብቻ፣ በፍጹም ወደ ጎን ሳይሆን፣ ይቦርሹ።

ያገለገለ ካርትሪጅ መግዛትን በተመለከተ ሳጥኑን ይግዙ፣ መርፌውን አይመኑ። ያለቀ አልማዝ በዓይን አይታይም፤ ወደ 200 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፣ ያኔም የት መመልከት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው የሚለየው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ «ገና ሳጥኑ ያልተከፈተ» ብሎ የሸጠልኝን መርፌ ሳልመረምር ተጠቅሜ፣ እናቴ የምትወደውን ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሻክሬዋለሁ። ያ ሸክላ ዛሬም አለ፣ ግን አይሰማም።

ድምፁ ቀርፋፋና ወፍራም ሆነብኝ። ካርትሪጁ ነው?

አይደለም። ካርትሪጅ ፍጥነት አይለውጥም። ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሞተሩ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ አንዳንዱ ሞተር በአንድ ስድስተኛ ይዘገያል፣ ዘፋኙም ቅኝቱ ወርዶ ይሰማል። 110 ቮልቱን በትራንስፎርመር መለወጥ ይህን አያስተካክለውም።

ካርትሪጁን በራሴ መግጠም እችላለሁ?

እጅዎ የማይቸኩል ከሆነ ይችላሉ። በመጀመሪያ የመርፌውን መሸፈኛ ሳያነሡ፣ ከተቻለም መርፌውን አውጥተው ይሥሩ። ከክንዱ የሚመጡት አራት ሽቦዎች በቀለም የተለዩ ናቸው፦ ነጩ የግራ አዎንታዊ፣ ሰማያዊው የግራ አሉታዊ፣ ቀዩ የቀኝ አዎንታዊ፣ አረንጓዴው የቀኝ አሉታዊ። በትንሽ ወረንጦ ይዘው ወደ እግሮቹ ቀስ ብለው ይግፏቸው። ጫፋቸው ቢላላ በስፒል ያጥብቡት እንጂ በካርትሪጁ እግር ላይ ካውያ በፍጹም አያሳርፉ፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይበጥሰዋል። ካቻቢቴዎ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ወደ መርፌው ይስበዋልና መሸፈኛውን አይርሱ።

ከዚያ በኋላ አቀማመጡ ይስተካከላል። ፕሮትራክተር የሚባለውን የታተመ ወረቀት በማጫወቻው ላይ አኑረው፣ መርፌው በተመለከቱት ሁለት ነጥቦች ላይ ሲያርፍ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሮቹ ጋር እኩል እስኪሄድ ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራትቱታል። በብዛት የሚሠራበት ቤርዋልድ የተባለው አሰላለፍ ነጥቦቹ ከመሃሉ 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። ሸክላዎ በአብዛኛው የ45 ዙር ከሆነ ግን ስቲቨንሰን የተባለውን እመርጥልዎታለሁ፤ የውስጠኛው ነጥብ 60.3 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሆነ ትንሹ ሸክላ በሚጨርስበት አካባቢ ስሕተቱ ያንሳል። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያሳትሙ መጠኑ እንዳይለወጥ በማስመሪያ ያረጋግጡ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የተዛባ ፕሮትራክተር ከሌለ ይሻላል።

ገጥሜ ስጨርስ አንዱ ስፒከር ብቻ ቢሰማስ?

መብራቱን አጥፍተው በካርትሪጁ እግሮች ላይ የግራና የቀኝ ሽቦዎችን ያለዋውጡ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ ችግሩ በካርትሪጁ ወይም በመርፌው አገባብ ላይ ነው፤ መርፌውን አውጥተው «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሰው ይግፉት። ዝምታው ባለበት ከቆየ ግን ካርትሪጁ ንጹሕ ነው፤ ከክንዱ ራስ ላይ ያሉትን ትንንሽ መገናኛዎች በደረቅ ጥጥ ይጥረጉ፣ ካልሆነም ከክንዱ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ ይመርምሩ።